የእትዬ ውድነሽን እጅ ስለመያዜ

ይድረስ ኮምቦልቻ ላለችው እናቴ።

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቆንጅት ደረጃ ስትወጪ እያረፍሽ እንደሆነ ነግራኛለች፤ የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለክፉ ቀን ብለሽ ቆልፈሽበታል? ግፊትሽስ ወረደልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ማትያስ ከሥራ ሲመለስ ጎራ እያለ ያይሻል? ደጃፉ ላይ ያለችው ሮማን ዘንድሮስ አፈራች? እኔ፣ ጉልላት፣ ልጆቻችንም ደቦራና አሞጽ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። እዚህ ግንቦት ገብቶም ትናንት በረዶ ጥሎብን ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ናፍቆቴን ዛሬ አልጽፈውም። የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው።

ተናድዶ ሰላምታ ማስቀደምን የተማርኩት ካንቺ ነው። ባለፈው እሑድ በስልክ የልጆቹን ጤንነት አንድ በአንድ ጠይቀሽ፣ የጉልላትን ወገብ እንኳ ሳትረሺ፣ ሰላምታው ሲያልቅ «የእትዬ ውድነሽን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ካልጠየቅሽ በሰኔ አልመጣም፤ ቪዛውንም ለፈለጋችሁት ስጡት» አልሽኝ። ቪዛ ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ላስረዳሽ ስል ማልቀስ ጀመርሽ፤ እኔ ጮህኩ፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሳው ቆንጅት ናት፤ አንቺ ሁልጊዜ ጸሎት ላይ ነሽ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ፤ ወደ አገር ቤት የምትሄድ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ታደርስልሻለች። ቆንጅትዬ እህቴ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራሽን፣ ያልጣመሽን ቦታ እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

አንቺ ጆሮ የደረሰው ወሬ ይሄ ነው አሉ። ምሥራች ካናዳ ገብታ ፈረንጅ ሆነች። ባሏን ያሳደጉትን አክስቱን በሰው ፊት እጃቸውን ጠምዝዛ ጉርሻቸውን አስጣለቻቸው። የተሠራውን ወጥ እንግዳ እያየ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው። ይህን ሁሉ ያደረገችውም ለባዳ ልጅ ብላ ነው። እማዬ፣ አደረገች ካሉት ሁሉ መጠምዘዙ ብቻ ውሸት ነው። እጃቸውን ያዝኩ እንጂ አልጠመዘዝኩም። የቀረውን አድርጌዋለሁ፤ ነገም ቢመጣ አደርገዋለሁ።

ልጅቷ ሩሚሳ ትባላለች፤ የጠይባ ልጅ ናት። ጠይባን ታውቂያታለሽ፤ ከእኔ ጋር በአረጋውያን መንከባከቢያው የምትሠራው፣ በቪዲዮ አገናኝቼሽ ደሴ የት ሰፈር እንደሆነች ስትጠይቂያት ዘመድ ሆናችሁ ልትገኙ ምንም ያልቀራችሁ። አሞጽን ስወልድ ሺፍቴን እየሸፈነች፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ አጥሚት ይዛልኝ እየመጣች ያረሰችኝ እሷ ናት። ባሏ የሱፍ እንደ ጉልላት አየር ማረፊያው ላይ ታክሲ ይነዳል። ሩሚሳ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ወሬኛ፣ ያገኘችው ሰው ጭን ላይ ዘላ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ለዚች ልጅ ለውዝና አብሽ አይሆኗትም። አይሆኗትም ስልሽ ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም። አለርጂ ነው የሚሉት፤ ትንፋሿን ይዘጋዋል።

በወሬ የሰማሁት እንዳይመስልሽ። ባለፈው በበረዶው ወራት ጠይባ ቤት ቁጭ ብለን፣ አንዲት እንግዳ ከአገር ቤት የመጣ ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጅቷ ዘገነችላት። ጠይባ ለውዝ አለበት ብላ ስትጮህ ሴትየዋ ደንግጣ «ኧረ ለውዙን ለቅሜ አውጥቼላታለሁ፣ ገብሱን ብቻ ነው የሰጠኋት» አለች። ከገብሱ ጋር ሲታሽ የከረመ ለውዝ ተለቅሞ የሚያልቅ መስሏት ነው። ወዲያው የሩሚሳ ከንፈር አበጠ፣ ድምፅዋ ጠፋ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ጠይባ ለዚሁ ብላ ከቦርሳዋ የማትለየውን መርፌ አውጥታ ከነሱሪዋ ጭኗ ላይ ስትሰካባት ልጅቷን የያዝኳት እኔ ነበርኩ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ የምታየው እኔን ነበር፤ ምን እንዳደረግናት የምትጠይቀኝ ይመስል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

አሁን የእኛን ጓዳ አስቢው። አብሽ የሌለበት ምን አለ? በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ አንቺ አንጥረሽ የምትልኪልኝ ቅቤ ውስጥ አለ። ሌላው ቤት ሲጋበዙ ጠይባ የልጇን ምግብ በሳህን ይዛ ትሄዳለች፤ ልጅቷ ጥግ ላይ ለብቻዋ ስትበላ ታያታለች። እኔ ቤት እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም።

እነጠይባ ከእኛ ሰፈር ከታራዴል ወደ ሲቲስኬፕ ቤት ቀይረው ሲሄዱ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ምሳ ጠራኋቸው። ከቤተ ክርስቲያናችን የቤት ኅብረት ጋሼ ተድላንና ባለቤታቸውን፣ ከዘመድ እትዬ ውድነሽን ጠራሁ። ሥጋውን በሙሉ ከሐላል ሱቅ ገዛሁ፤ ጋሼ ተድላንም አስቀድሜ ጠይቄ ምንም ቅር እንደማይላቸው ነግረውኛል። ለሩሚሳ ደግሞ በሰማያዊው ድስት ለብቻው ዶሮ ሠራሁላት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ዘይት፣ ቅመም ያልገባበት ቀይ ሚጥሚጣ መሳይ ዱቄት ከህንዶች ሱቅ። ጭልፋውም የራሷ ነው። ቀለሙ ከትልቁ ወጥ ጋር እንዲመሳሰል የለፋሁት ልፋት፣ ልጅቷ የሌላው ሰው ምግብ እንደተከለከለች እንዳይሰማት ብዬ ነው። ምን ያህል እንደኮራሁበት ብታይ ትስቂብኝ ነበር።

ለእትዬ ውድነሽም በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። የማይስማማዎት ምግብ አለ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ እንግዳ ምን ትበላለህ ተብሎ እንደማይጠየቅ፣ የቀረበለትን አመስግኖ እንደሚበላ አስተማሩኝ። ስለ ሩሚሳ አብሽ ስነግራቸው ደግሞ «እሺ፣ እሺ፣ ሰምቻለሁ» አሉ። የሰሙ መስሎኝ ዘጋሁት።

እንግዶቹ ሲገቡ ጫማና ካፖርት ስቀበል፣ እትዬ ውድነሽ እንደ ልማዳቸው በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፉ። እኛ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ ድስቶቹን ከፍተው መዳፋቸው ላይ ጠብ እያደረጉ ይቀምሳሉ፤ ጨው ያንሰዋል፣ እሳት ይቀረዋል ይላሉ፤ እኔም አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ማዕድ ቀርቦ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ሩሚሳ ጭናቸው ላይ ወጥታለች። ከሰማያዊው ድስት የወጣላትን ከፊቷ አድርገው ዳጎስ ያለ ጉርሻ እየጠቀለሉ ለሰዉ ሁሉ እንዲህ ይላሉ፤ «ምሥራች እኮ የዚችን ምስኪን ወጥ ቅቤ ረስታው ነበር። እኔ ባልደርስ የበሽተኛ ምግብ ልታበላት ነው። ያቺን የእናቷን ቅቤ ጣል ባደርግበት ነፍስ ዘራ።»

እማዬ፣ ያንቺ ቅቤ ነው። የያዝኩት ጆግ የት እንደወደቀ አላውቅም። ልጅቷ አፏን ከፍታለች፣ ጉርሻው ከንፈሯ ጋ ደርሷል፤ ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩት። ጉርሻው ነጩ ቀሚሳቸው ላይ ወደቀ። ሩሚሳ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ጠይባ ብድግ ብላ ልጇን አንስታ አፏን፣ እጇን፣ አንገቷን ታገላብጥ ጀመር፤ የሱፍ መርፌውን ይዞ ቆሟል። እኔ ሳህኑንም ድስቱንም አንስቼ ወጡን ሰው ፊት መጣያው ውስጥ ገለበጥኩት። ቀስ ብዬ ወደ ጓዳ ወስጄ ልደብቀው እችል ነበር፤ አልደበቅሁትም። ሌላ ሰው በደግነት አንስቶ እንዳያጎርሳት ፈራሁ።

እትዬ ውድነሽ ፊታቸው ጠቆረ። «አብሽ አልሽ እንጂ ቅቤ መቼ አልሽ?» አሉ። ቅቤው የሚነጠረው በምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ በዚያች ሰዓት ግን ቅቤ ቅቤ ብቻ ሆኖ ታያቸው። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። መርዝ አበላሁ ማለትሽ ነው፣ ልጅ አሳድጌ የዳርኩ ሴት ነኝ፣ የእኔ እጅ ቆሻሻ ነው አሉና ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ጉልላት ወደ ቤታቸው ሸኛቸው። ክፋት የላቸውም፤ ይህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ልጅቷን ከመውደዳቸው የተነሳ ነው ያደረጉት። የወደዷትም ልጅ ብትሆን እኮ ትንፋሿ ሲዘጋ ያጎረሳት ፍቅር መሆኑን አትለይም።

ሩሚሳ በቀቀልኩላት እንቁላል እንጀራ በላችና ከአሞጽ ጋር ምድር ቤት ወርዳ ስትጨፍር ዋለች። የእኔ ጥፋት እንግዲህ ይሄ ነው። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ራሷን ስታ ወድቃ ቢሆን፣ አምቡላንስ መጥቶ ቢሆን፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በእንባ እያቀፈኝ «ምነው ቀድመሽ እጃቸውን በያዝሽ» ይለኝ ነበር። እጃቸውን ስለያዝኩ ምንም አልተፈጠረም፤ ምንም ስላልተፈጠረ ደግሞ እጃቸውን የያዝኩት በከንቱ ነው ይሉኛል። ይህን ነገር ለሦስት ሳምንት እያላመጥኩ ከርሜ ሊገባኝ አልቻለም። ሰው አመስጋኝ እንዲሆን የግድ ሕፃን መውደቅ አለባት?

ያስከፈለኝን አልደብቅሽም። እትዬ ውድነሽ ቤቴን አልረግጥም ብለዋል። አሞጽን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቀበሉልኝ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን እኔ ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀይሬ ገና ሳይነጋ እወጣለሁ። ከቤት ኅብረቱም አንዳንዶቹ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። ጉልላት መሃል ገብቶ ይሰቃያል፤ እናት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና አልፈርድበትም። አንድ ቀን ምን አለኝ፣ «ልክ ነሽ፤ ግን ልክ መሆንሽን ትንሽ ቀስ ብለሽ ብትሆኚው ምን ነበረበት?» እኔም ጉርሻው ቀስ ብሎ አልመጣም አልኩት። ደቦራ ደግሞ በዚያ በተደባለቀ አማርኛዋ «ማሚ፣ ዩ ኖው፣ ልክ ነሽ፣ በት ድስቱን እንደዛ ማድረግ ቱ መች ነበር» ብላኛለች። ቤቱ ሁሉ ልክ ነሽ ብሎ ይጀምርና ግን ብሎ ይጨርሳል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ተድላ ከባለቤታቸው ጋር ሽማግሌ ሆነው መጡ። ጸለዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ትሕትና ብዙ ተናገሩ። ነገሩ እንዲበርድ ወደ እትዬ ውድነሽ ቤት አብሬያቸው ሄጄ ጉልበታቸውን እንድስምና አጠፋሁ እንድል ጠየቁኝ። ጋሼ ተድላን ስለማከብራቸው ቆሜ ነው የመለስኩላቸው። ስላስለቀስኳቸው አዝኛለሁ፤ ቀሚሳቸውን አሳጥቤ ልኬያለሁ፤ ቤቴም ክፍት ነው። እጃቸውን በመያዜ ግን አላጠፋሁምና አጠፋሁ ብዬ አልዋሽም አልኳቸው። ዛሬ አጠፋሁ ካልኩ በሚቀጥለው ጊዜ እጅ የሚይዝ ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ይሉኝታ ይዞት ልጅቷ ስትጎርስ ያያል። ጋሼ ተድላ ተነስተው ካፖርታቸውን ለበሱ። ከዚያ ባለቤታቸው ቀድማ ወደ መኪናው ስትወጣ፣ በሩ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ ጎንበስ እንዳሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ምሥራች፣ እንደው ሌላ ጊዜ ስትጠሪን ለእኔ ጨው የሌለው ለብቻ ብታወጪልኝ። ሐኪም ከከለከለኝ ቆየ፤ በየሄድኩበት በሞቴ እያሉ ሲያጎርሱኝ እምቢ ማለት አፍሬ እበላና ማታ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሊያስታርቁኝ መጥተው በሽታቸውን ነግረውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አስበዋለሁ፤ ስንቱ ሰው ነው የእኛ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኛ በደስታ ስናጎርሰው፣ ነገ የሚያመውን እያወቀ የሚውጠው? ስንቱን አክብረን አሳምመናል?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እማዬ። ፈረንጅ ሆነች ሲሉሽ አምነሽ ተቀበልሽ፤ ይሄ ነው ከሁሉ ያንገበገበኝ። የእንግዳን ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ከካናዳ የተማርኩት ነው? ወዳጅሽ እትዬ ሩቂያ ስትመጣ ከመደርደሪያው የሚወርደው ድስት የማን ነበር? ያንን ድስት እኛ ልጆቹ እንኳ እንዳንነካው አልነበረም የምታስጠነቅቂን? የቆንጅት ሠርግ ዕለትማ ረሳሽው? ለእስላም እንግዶቻችን ጋሼ ሸምሰዲን ባርኮ ያረደው፣ እነ እትዬ ሩቂያ በራሳቸው ዕቃ የሠሩት ወጥ በተለየው ድንኳን ቀርቦ ሳለ፣ የአባዬ ወንድም ሞቅ ብሎት የእኛን ወጥ የነካ ጭልፋ እዚያ ድስት ውስጥ ከተተ። ካንቺና ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ዝም ብትይ ማንም አያውቅም ነበር። አንቺ ግን ያንን ሁሉ ወጥ ሚዜዎቹ እያዩ አስደፍተሽ፣ ሌላ በግ አሳርደሽ፣ ሙሽራ አስጠብቀሽ እንደገና አሠራሽ። «እንግዳዬን የማይበላውን ሳያውቅ አላበላውም» ብለሽ ስትቆጪ ነጠላሽ ከትከሻሽ ወድቆ ነበር። የአባዬ ወንድም አኩርፎ ሠርጉን ጥሎ ሄደ። ጉልበቱን ሳምሽ? አልሳምሽም። ፈረንጅ ሆነች ያለሽስ ነበር?

እንግዲህ አንቺ ለእትዬ ሩቂያ ሃይማኖት ያደረግሽውን እኔ ለሩሚሳ ትንፋሽ ባደርገው ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ? ቆንጅትዬ፣ ይህንን ሁለት ጊዜ አንብቢላት። ካኮረፈችም ቀጥይ።

ሰማያዊውን ድስት እንደገና እጥደዋለሁ። በመጪው ቅዳሜ እነጠይባ ይመጣሉ፣ ለጋሼ ተድላ ጨው የሌለው ይሠራል፤ ለእትዬ ውድነሽም በደቦራ በኩል ጥሪ ልኬ፣ የማይስማማዎት ነገር አለ ወይ ብዬ እንደገና አስጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸው ገና መልስ አልላኩም። ቢመጡ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ጓዳው ውስጥ ግን እኔ አጠገባቸው ሳልቆም አይገቡም። ባይመጡም ደጄ ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ያንቺም ነገር እንደዚሁ ነው። በሰኔ እንድትመጪ ስንት ዓመት እንደለመንኩሽ ታውቂያለሽ፤ ክፍልሽን ደቦራ ራሷ ቀለም ቀብታልሻለች። ብትቀሪ አለቅሳለሁ፣ እዋሻለሁ ብዬ ግን አላመጣሽም። አጠፋሁ አልልም እማዬ።

ለማትያስ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ያ ጨጓራውን የሚያቃጥለውን ነገር ታክሞ ይንገረኝ፣ ወንድ ነኝ ብሎ አይዋጠው። ለቆንጅት ድምፅሽ እንዳይደክም ብያለሁ በይልኝ፤ ለባሏም ሰላም በይልኝ፤ ልጆቿን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ለእትዬ ሩቂያና ለጋሼ ሸምሰዲን ብዙ ብዙ ሰላምታ፤ ይህን ደብዳቤ ብታስነብቢያቸውም አልቆጣም። ለጎረቤታችን ለእትዬ ደመቀች እግራቸው ተሻላቸው ወይ በይልኝ። ጉልላት፣ ደቦራና አሞጽ ጉልበትሽን ይስማሉ።

እኔም አየር ማረፊያው ላይ ተንበርክኬ ጉልበትሽን እስማለሁ፣ እጅሽንም አገላብጬ እስመዋለሁ። ሩሚሳን ስታያት ትወጂያታለሽ፤ ሳታስቢው መጠቅለል ትጀምሪያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ጠይቀሽ አጉርሻት። ሳትጠይቂ ወደ አፏ ከሄድሽ፣ የሳምኩትን እጅ እይዘዋለሁ።

ልጅሽ ምሥራች

ታራዴል፣ ካልጋሪ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.